ሃሽሴት ላይ እየዞራችሁ አታጥፉ፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ትናንት እዚህ ካዛንቺስ ቢሯችን ውስጥ ከአዲስ ኢንተርን ጋር ኮድ እያየን ነበር። ጎበዝ ልጅ ነች፣ ግን ያችው ስህተት ናት! ዘንድሮ ስንት ልጅ ላይ እንዳየኋት ቆጥሬ አልጨርስም፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፋት አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክ ቁጥሮች የያዘ ሃሽሴት (አንድ ነገር ሁለቴ የማይገባበት ስብስብ) አለህ፣ ከዛ ውስጥ ኮንዲሽን የሚያሟሉትን ማውጣት ፈለግክ፣ ፎር ሉፕ (ስብስቡን አንድ በአንድ የሚዞር ኮድ) ከፈትክ፣ ኢፍ ጻፍክ፣ እዛው ሉፑ ውስጥ ሪሙቭ (አጥፋ) አልክ። ጃቫ ላይ ይሄ አይሆንም! ሉፑን የሚያዞረው ኢተሬተር ስብስቡ ስንት ጊዜ እንደተነካካ ቁጥር ይዞ ነው የሚሄደው፣ አንተ በጎን ገብተህ ስታጠፋ ቁጥሩ ይቀየራል፣ ቀጣዩን አምጣ ሲባል አልገጥም ይለውና ኮንከረንት ሞዲፊኬሽን ኤክሴፕሽን የሚባል ስህተት ይወረውራል። ስሙን አይታችሁ ደግሞ የትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ችግር ፍለጋ አትሂዱ፣ አንድ ትሬድ ብቻ እየሰራም ይመጣል።

እኔን የሚያቃጥለኝ ግን ኤክሴፕሽኑ የመጣ ቀን አይደለም፣ ያልመጣ ቀን ነው። ያጠፋኸው ሉፑ መጨረሻ ላይ ያገኘውን ከሆነ ቀጣይ ስለሌለ ቁጥሩን የሚያመሳክር የለም፣ ዝም ብሎ ያልፋል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻ አስገብተህ ቴስት ካደረግክ ሁልጊዜ ያልፍልሃል!! ይሄን እኔም ሰርቼዋለሁ። ሌላ ቦታ ስሰራ "መልእክት አትላኩልኝ" ያሉ ሰዎችን ከመላኪያው ዝርዝር የሚያወጣውን ኮድ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ቴስቱ ላይ አንድ ቁጥር ነበር፣ አለፈ። ላይቭ ሲገባ የመጀመሪያውን አጥፍቶ ቀጣዩ ላይ ወደቀ፣ ኤክሴፕሽኑን ደግሞ ባዶ ካች (ስህተቱን ተቀብሎ ምንም የማያደርግ ኮድ) ዋጠው፣ ፕሮግራሙ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለና ከመጀመሪያው በቀር አትላኩ ላሉት ሰዎች ሁሉ ላከ። በማግስቱ አንዲት እናት ደውለው "ልጄ፣ አቁሙ ካልኳችሁ እኮ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው" አሉኝ። ድምፃቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። እባካችሁ ቢያንስ ሦስት የሚጠፋ ሁለት የሚቀር አድርጋችሁ ቴስት አድርጉ፣ ካቹንም ባዶ አትተዉት።

መፍትሄው አንድ መስመር ነው። ጃቫ 8 ከወጣበት ከ2014 ጀምሮ ሪሙቭ ኢፍ አለ፣ ኮንዲሽኑን ትሰጠዋለህ፣ ማጥፋቱን ራሱ ያውቅበታል። ሉፕ የግድ ካስፈለገህ የኢተሬተሩን የራሱን ሪሙቭ ተጠቀም። ሲ ሻርፕ ላይ ሪሙቭ ዌር ነው፣ ስንት እንዳጠፋም ቁጥር ይመልስልሃል፣ ሎግ ላይ ጻፉት፣ አንድ ቀን ይጠቅማችኋል።

ፓይተን ላይ ያላችሁ፣ እናንተም ሉፕ ውስጥ አታጥፉ። ፓይተን የሚያየው የስብስቡን ብዛት ብቻ ስለሆነ ሉፑ ውስጥ አንድ አውጥታችሁ አንድ ብትጨምሩ ኤረር ላይሰጣችሁ ይችላል። ኮምፕረሄንሽን (የሚቀሩትን መርጦ የሚሰበስብ አጭር አጻጻፍ) ስትጠቀሙ ደግሞ አዲስ ስብስብ ነው የሚሰራው፣ አሮጌውን የያዘ ሌላ ፋንክሽን ካለ እሱ አሁንም የሚያየው አሮጌውን ነው፣ በዚህ ምክንያት ሁለት ቀን ሲለፋ ያየሁት ልጅ አለ።

ሌላ፣ ጃቫ ላይ ለሪሙቭ ኦል (የሰጠኸውን ዝርዝር ሁሉ ከስብስቡ የሚያጠፋው) ትልቅ ሊስት አትስጡት። ሃሽሴቱ ከሊስቱ ካነሰ ወይም እኩል ከሆነ ለእያንዳንዱ ኤለመንት ሊስቱን ከላይ እስከ ታች ይፈልጋል፣ ሁለቱም 100,000 ቢሆኑ እስከ 10 ቢሊዮን ማነፃፀር ሊደርስ ነው። ሊስቱን መጀመሪያ ሃሽሴት አድርጉት፣ በቃ።

የመጨረሻው የእኛው የራሳችን ጉዳይ ነው፣ ውጭ አገር በተሰሩ ቪዲዮዎች ላይ አታገኙትም። ስሟ "ፀሐይ" የሆነውን አጥፋ ስትለው "ጸሐይ" እና "ፀሀይ" ቁጭ ብለው ይቀራሉ፣ ለእኛ አንድ ስም ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያየ ስትሪንግ (ጽሑፍ) ነው። የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን (ያው ፊደል በተለያየ ኮድ ሲጻፍ አንድ የሚያደርገው) ያስተካክለዋል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ሐን ወደ ሀ አይቀይርም። ስልክም ያው ነው፣ በ09 የተመዘገበውና በ+2519 የተመዘገበው ያው ሰው ሁለት ሆኖ ይቀመጣል፣ አንዱን ታወጣለህ፣ በሌላው መልእክቱ ይሄዳል። እኛ አሁን ትንሽ ፋንክሽን አለችን፣ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው ትመልሳለች፣ ሃ እና ኣንም ጭምር፣ ስልኩን ደግሞ በ+251 ታስጀምረዋለች። የሰውየው ስም በጻፈው መልኩ ለብቻው ይቀመጣል፣ ሃሽሴቱ ውስጥ የሚገባው የተስተካከለው ነው፣ ኮንዲሽኑ ላይ የምናነፃፅረውም በዛችው ፋንክሽን ያልፋል።