የላሜን የጉበት ትል እንዴት አስወገድኩት

ላሜ ከሳች፣ ወተቷ ቀነሰ፣ መንጋጋዋ ሥር ለስላሳ እብጠት ወጣባት። ሐኪሙ እበቷን አስመረመረ። የጉበት ትል እንቁላል ተገኘ።

ይህ ትል ከላም ወደ ላም በቀጥታ አይጋባም። እንቁላሉ ከእበት ጋር ውሃ ውስጥ ይገባና ይፈለፈላል። ከዚያ ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ሲወጣ ውሃ ዳር ሣር ላይ ይለጠፋል፤ ላሟም ከሣሩ ጋር ትበላዋለች። እዚህ ጅማ፣ በተለይ ቦዬ ረግረግ አካባቢ ከብት ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህችን ያዙልኝ።

መድኃኒቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደጉትን ትሎች ነው። ጉበት እየቦረቦሩ የሚሄዱት ትንንሾቹ ይተርፋሉ። ትሪክላቤንዳዞል ሁለቱንም ይገድላል፤ ግን ወተቷ ለሰው ለሚቀርብ ላም አይሆንም። ስለዚህ በሐኪሙ ምክር መጀመሪያ አልቤንዳዞል ወሰደች። እሱ እስኪፈቅድ ድረስም ወተቷን አልሸጥንም። ስትነጥፍ ደግሞ ትሪክላቤንዳዞል ተሰጣት። እርጉዝ ከሆነች አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ አልቤንዳዞል በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ጽንሱን ይጎዳል።

መድኃኒት ብቻውን ግን አይበቃም፤ ረግረጉ ክፍት ከሆነ ትሉ ይመለሳል። እኔ አጠርኩት። አሁን የጉድጓድ ውሃ በገንዳ ትጠጣለች፤ ከረግረግ ዳር የታጨደ እርጥብ ሣርም ግቢያችን አይገባም። እብጠቱ ጠፍቷል፣ ወልዳም በደንብ እየታለበች ነው።