ዋትስ ታወርስ ስትሄዱ መጀመሪያ ወደ ታች እዩ

ከአዲስ አበባ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው፤ «ሆሊውድ ውሰደኝ»። እወስዳለሁ። መሬት ላይ የተጻፈ የሰው ስም ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ፌርፋክስ፣ ሊትል ኢትዮጵያ፣ ክትፎ። በማግስቱ ግን ተራው የእኔ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሴራሚክ እያነጠፍኩ ነው የምኖረው፤ እንግዳዬን ዋትስ ታወርስ የሚባሉትን፣ አንድ ሰው ለብቻው የሠራቸውን ማማዎች ሳላሳይ አልሸኝም።

መኪና ከሌላችሁ ኤ ላይን በሚባለው ባቡር ሄዳችሁ 103ኛ ስትሪት ውረዱ። ፌርማታው የማማዎቹንም ስም ይዟል፣ አይጠፋችሁም። ከዚያ በእግር ነው። ጠዋት ወይም ወደ ማምሻው ሂዱ፤ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ሴራሚኩ ያበራል።

እዚያ የደረሰ ሰው ሁሉ ያንጋጥጣል። ረጅሙ ማማ 30 ሜትር ገደማ ስለሆነ አይፈረድበትም። እናንተ ግን ከታች፣ ከአጥሩ ግንብ ጀምሩ። የተሰበረ ሰሃን፣ የሴራሚክ ቁራጭ፣ ዛጎል፣ የአረንጓዴ ሰቨን አፕ ጠርሙስ ቂጥ። አክስቴ ጠጋ ብላ አየችና «ወይ ጉድ! ይሄን ሁሉ ዕቃ ማን ሰበረው?» አለች። ማማዎቹን ለሠራው ሰው የሰፈር ልጆች ሳይቀሩ ስብርባሪ ያመጡለት ነበር።

ሲሚንቶው ላይ የታተሙ ቅርጾችንም ፈልጉ። መዶሻ አለ። የበቆሎ ቆረቆንዳ አለ። መዶሻውን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ቆሜ ቀረሁ። እኛ ሥራ ስንጨርስ ዱካችንን ጠራርገን ነው የምንወጣው፤ ሰውየው መሣሪያውን እንደ ፊርማ አትሞት ሄደ።

ሳይመን ሮዲያ ይባላል፤ ከጣሊያን የመጣ ስደተኛ። ቀን ለሰው ይሠራል፣ ከሥራ ሲመለስ ለራሱ። ከ1921 እስከ 1954 እ.ኤ.አ.፣ 33 ዓመት፣ ለብቻው። ብየዳ የለ፣ ቡሎን የለ፣ ስካፎልዲንግ የለ። ፌሮውን በአቅራቢያው ባለው የባቡር ሐዲድ እየደገፈ ያጎብጠዋል፣ በሽቦ ይጠመጥመዋል፣ ሲሚንቶ ያለብሰዋል፣ ሳይደርቅ ስብርባሪውን ይተክልበታል። («ፌሮ» የምንለው ቃል ራሱ የአገሩ ቃል ነው።) ባልዲውን ይዞ፣ በመስኮት አጣቢ ቀበቶ ታስሮ ነበር የሚወጣው።

በ1955 ቦታውን ለጎረቤቱ ሰጥቶ ሄደ። ከተማው ደግሞ «አደገኛ ነው፣ ይፍረስ» አለ። በ1959 በ10,000 ፓውንድ፣ ማለትም በ4.5 ቶን ገደማ ኃይል ተስቦ ተፈተነ። አልወደቀም።

አሁን በሴራሚኮቹ መካከል ያሉትን ክፍተቶች እዩ። ውሃ ልክ የነካው መስመር አታገኙም። ሴራሚኳ ሁለት ሚሊ ስታለች ብዬ አንስቼ የምደግም ሰው ነኝና መጀመሪያ እጄን በልቶኝ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ተወኝ።

በአጥሩ ዙሪያ መዞር በቂ ነው፤ ወደ ውስጥ መግባት ከፈለጋችሁ አስጎብኚ መኖሩን ቀድማችሁ ጠይቁ። ልጆች ከያዛችሁ አረንጓዴ ጠርሙስ አስቆጥሯቸው። የኔዋ 60 ላይ ስትደርስ ራበኝ ብላ አቋርጣለች።