ብራውዘሩ እምቢ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ሁሉም ድረ ገጽ «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» ይላል

ጎግል አይከፈትም፣ ባንክ አይከፈትም፣ ፌስቡክም እንደዚያው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቫይረስን ነው፣ ቀጥሎ ኔትወርኩን። ሁለቱንም ከመክሰሳችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ያለውን ቀን እዩ።

እያንዳንዱ ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያሳይበት ሰርተፊኬት አለው። ሰርተፊኬቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። በነፃ የሚታደለውና ብዙ ገጾች የሚጠቀሙበት የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬት ለምሳሌ ከ90 ቀን አይበልጥም። ብራውዘሩ ይህን የሚያመሳክረው ከስልካችሁ ቀን ጋር ነው። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጆቹ 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ ነው። አንዱ ስልኩን «ላስተካክል» ብሎ 2017 ይሞላል። ብራውዘሩ ቢያይ፣ በፈረንጅ 2025 የተሰጠው ሰርተፊኬት ገና አልተወለደም! ገጹን በር ላይ ያስቀረዋል። እሱ ምን ያድርግ?

መፍትሄው ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ «ቀንና ሰዓት» ግቡና አውቶማቲክ የሚለውን አብሩ። የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ይሁን፤ ዝርዝሩ ውስጥ ካጣችሁት ናይሮቢም ያው ነው። የሀበሻ ቀን ማየት የፈለገ የካላንደር አፕ ያውርድ እንጂ ዋናውን ቀን አይንካ።

ቀኑ ልክ ሆኖ ሰዓቱ ብቻ በሀበሻ ሲሞላስ? የ6 ሰዓት ልዩነት ነውና ብራውዘሩ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል። ጣጣው የሚመጣው በሌላ በኩል ነው። የኦተንቲኬተር አፖች (አካውንት ስትከፍቱ ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ የምትጠየቁትን ኮድ የሚሰጡት) ባለ 6 አሃዙን ኮድ የሚያሰሉት ከሰዓቱ ተነስተው ነው፣ በየ30 ሴኮንዱም ይቀያየራል። ሰዓቱ ከተዛባ ኮዱን ደጋግማችሁ ብታስገቡም «ስህተት» ነው መልሱ።

እምቢ ያለው አንድ ገጽ ብቻ ነው

ሌላው ሁሉ ከተከፈተ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የገጹ ባለቤት ነው፤ ሰርተፊኬቱን ማደስ ረስቷል። ጠብቁት። በተለይ የይለፍ ቃል ወይም የባንክ ካርድ የሚጠይቅ ገጽ ከሆነ በግድ አትግቡ።

በነገራችን ላይ፣ ፕሮግራመሮች እዚህ ጋ አንድ ተንኮል አላቸው። የክሮም (የጎግል ብራውዘር) ማስጠንቀቂያ ፊት ለፊታቸው ተደቅኖ ሳለ «ዲስ ኢዝ አንሴፍ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ሆሄ ሳይነጣጥሉ ይተይባሉ። መጻፊያ ሳጥን የለም፣ ዝም ብሎ መተየብ ነው። ገጹ ይከፈታል። በፊት «ባድ አይዲያ» ነበር፤ ወሬው በኢንተርኔት ሲዛመት የክሮም ሰዎች ቀየሩት። የራሱን ሰርቨር ለሚሞክር ሰው ነው እንጂ ለባንክ ገጽ አይደለም።

የቁልፏ ምልክት ጠፋች

ከገጹ አድራሻ ጎን የነበረችው ቁልፍ ናት። አልተጠለፋችሁም። ክሮም በ2023 ራሱ ነው ያነሳት። ጎግል በ2021 ባደረገው ጥናት ትርጉሟን በትክክል ያወቁት ከተሳታፊዎቹ 11 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁልፍ ያለው ገጽ ሁሉ ታማኝ የሚመስለው ሰው በዝቶ ነበር፤ አጭበርባሪም ሰርተፊኬት ያወጣል እኮ።

«ስልክዎ በቫይረስ ተጠቅቷል» የሚል መልዕክት በየደቂቃው

ቫይረስ የለም። የሆነ ቀን ፊልም ወይም ኳስ ስትፈልጉ አንድ ገጽ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ ፍቀድ የሚለውን ይጫኑ» ብሏችኋል፣ እናንተም ተጭናችኋል። የፈቀዳችሁት ማሳወቂያ እንዲልክላችሁ ነው። መልዕክቱን ስትነኩት ደግሞ «ማጽጃ» አፕ አውርዱ ይላችኋል፤ እውነተኛው አደጋ ያ ነው። ክሮም ላይ ሦስቱን ነጥቦች ነክታችሁ፣ ከሴቲንግ የድረ ገጽ ቅንብሮች፣ ከዚያ ማሳወቂያዎች ውስጥ ግቡ። የማታውቁትን አድራሻ ሁሉ አግዱ።

ዳይኖሰሩ አልሮጥም አለ

ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚመጣው የክሮም ጨዋታ ከ2014 ጀምሮ አለ። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ዳይኖሰሩ አናት ላይ ተወርዋሪ ድንጋይ እየወረደበት ካያችሁ፣ ጨዋታውን የዘጋባችሁ የአይቲ ክፍሉ ነው። ለዚህኛው መፍትሄ የለኝም፣ ወደ ሥራ ተመለሱ።