ዊንዶውስ 11 ጭናችሁ ኔት ከጠፋ እነዚህን አታድርጉ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዴ "እሱ ኮምፒውተር ይችላል" ከተባላችሁ አበቃ። ማታ ማታ በራችሁ ይንኳኳል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ ደግሞ ብሷል። ጎረቤቱ ሁሉ ወደ 11 እየተሻገረ ነው። ብዙው በሰላም ይሻገራል። የተቀረው ላፕቶፑን ብብቱ ስር ሸጉጦ "አፕዴቱ ኔቴን በላው" እያለ ይመጣል። አፕዴቱ አንዳንዴ እውነትም ጥፋተኛ ነው። እኔ ካየሁት ግን ነገሩን የሚያከብደው ከዚያ በኋላ የሚነካካው ነው።

ስልክ ሳያዩ ላፕቶፕ መጎርጎር

መጀመሪያ ስልካችሁን በዚያው ዋይፋይ አስገቡት። የስልኩን ዳታ አጥፉና አንድ ነገር ክፈቱ። ስልኩም እምቢ ካለ ላፕቶፑን ተዉት። እኛ ሰፈር መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ግራ ይገባዋል። ነቅሎ መሰካት ብቻ የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንዱ ጎረቤቴ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሴቲንግስ ሲበረብር አምሽቶ መጣ። ስልኩን አስገባነው፤ አይሠራም። ለካ ጥቅሉ አልቋል። ማን ጨረሰው? ራሱ አፕዴቱ! ትልቅ አፕዴት ብዙ ጊጋባይት ይጎትታል። ከተጫነ በኋላም አፖቹ በየተራ ይታደሳሉ። በጥቅል የምትጠቀሙ ከሆነ የዋይፋያችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብታችሁ "ሜተርድ ኮኔክሽን" የሚለውን፣ ዊንዶውስ ዳታ እንዲቆጥብ የሚያደርገውን፣ አብሩት።

ዘግቶ መክፈትን እንደ ሪስታርት መቁጠር

"ዘግቼ ከፍቼዋለሁ" የማይለኝ የለም። ዊንዶውስ ላይ ሻት ዳውን ሙሉ መዝጋት ላይሆን ይችላል። ፋስት ስታርታፕ የሚባለው ነገር ከበራ ሲስተሙ የነበረበትን ሁኔታ አስቀምጦ ይተኛል። ስትከፍቱት ያንኑ መልሶ ያነሳዋል፣ ችግሩንም ጭምር። ስለዚህ ሪስታርት በሉት።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር መሙላት

ይህቺን በጣም ነው የምወዳት። ታች ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ አንድ ቀን አስጠሩኝ።

"ዋይፋዩ ተገናኝቷል ይላል። ግን አንድም ነገር አይከፍትልኝም። ኢሜይል እንኳ!"

ብሮውዘሩን ከፈትኩት። ገጹ ሁሉ ቀይ ማስጠንቀቂያ ነው። ዓይኔ ወደ ታች ወደ ሰዓቱ ሄደ። 2018 ይላል።

"እትዬ፣ ቀኑን ማን ነካው?"

"እኔ ነኛ! አፕዴት ካደረገ በኋላ ተዘባርቆ ነበር፤ አስተካከልኩት። ምነው፣ 2018 አይደለም እንዴ?"

ልክ ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ የሚሠራበት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። 2018 ላይ ነኝ ብሎ ለሚያስብ ማሽን የዛሬው ሰርተፍኬት ገና አልተወለደም። ስለዚህ አላምነውም ብሎ ይዘጋል። ቀኑን በፈረንጅ በእጅ አስተካክዬ፣ ከዚያ ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል አበራሁት። ሁሉም ተከፈተ።

በማግስቱ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀኑ እንደገና ተዘባረቀ። ያኔ ነው የገባኝ። አፕዴቱ የለበትም። ዴስክቶፑ ማዘርቦርድ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ፣ 2032 የምትባለው፣ ሞታለች። ቀየርናት፣ ተገላገሉ።

ሁሉንም "ኔት የለም" ብሎ መጠቅለል

ችግሩ ራሱ ምልክት ይሰጣል። የዋይፋይ ዝርዝሩ ጭራሽ ካልታየ ነገሩ ብዙ ጊዜ ድራይቨር ነው፣ ዊንዶውስን ከዋይፋዩ ዕቃ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም። ተገናኝቷል እያለ ኢንተርኔት ከሌለ የዋይፋዩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ የአይፒ ቁጥሩን፣ የላፕቶፑን የኔትወርክ አድራሻ፣ እዩ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ላፕቶፑ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ገጽ ካልከፈተ ደግሞ ኔቱን በሌላ ሰርቨር አዙረው የሚያሳልፉትን ቪፒኤንና ፕሮክሲን ጠርጥሩ።

ቪፒኤን ካነሳን አይቀር፣ የካቲት 2015 ላይ ማኅበራዊ ሚዲያ ሲገደብ ያልጫነ ማን ነበር? ገደቡ በዚያው ዓመት ሐምሌ ተነሳ። ቪፒኤኑ ግን እዚያው ተረስቶ ቀረ። እንዲህ ያለ አሮጌ ፕሮግራም ኔትወርኩ መሐል ተሰክቶ ስለሚቀመጥ ከአዲሱ ሲስተም ጋር ሊጋጭ ይችላል። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ አራግፉት።

ድራይቨር ከየትም ማውረድ

ኔት ለማምጣት ድራይቨር፣ ድራይቨሩን ለማውረድ ኔት። እዚህ ጋ ሰው ይጨንቀውና ጎረቤት ሄዶ "ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ" የሚል ፕሮግራም በፍላሽ ያመጣል። ከኔቱ በፊት የማስታወቂያ ጎርፍ ይደርሰዋል። የአንድሮይድ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ሰክታችሁ የስልኩን ኔት ለላፕቶፑ የሚያጋራውን ዩኤስቢ ቴተሪንግ አብሩ። የዋይፋዩ ድራይቨር ቢሞትም በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ኔት ይገባል። ከዚያ የላፕቶፑን ሞዴል ይዛችሁ ወደ አምራቹ ገጽ ሂዱ። ወይም ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ወደ ቀድሞው ድራይቨር የሚመልሰው "ሮል ባክ ድራይቨር" ክፍት ከሆነ እሱን ሞክሩ።

ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ እና ከተወሰነ ዘመን ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ያንን ዘላችሁ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ከጫናችሁ አምራቹ ለ11 ድራይቨር ላይኖረው ይችላል። ያኔ የምትጣሉት ከራሳችሁ ጋር ነው።

ኔትወርክ ሪሴትን ቀድሞ መጫን

የኔትወርክ ሴቲንጉን ሁሉ ወደ መጀመሪያው ይመልሳል። ይሠራል፣ አልክድም። ግን የተቀመጡትን የዋይፋይ ፓስወርዶች ሁሉ ይጠርጋል። የቤታችሁን ፓስወርድ ታውቁታላችሁ? እኛ ብሎክ ብዙው ሰው አያውቀውም። ዋይፋዩን ያስገባው ልጅ ነው የሚያውቀው፣ እሱም ስልኩን ቀይሯል። ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ሳትጽፉ አትንኩት።

"በቃ ፎርማት ይደረግ" ማለት

መገናኛ ጥገና ቤት ይዛችሁት ብትሄዱ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ይኸው ሊሆን ይችላል። ፎርማት ለሚያደርገው ሰው ቀላል ነው፤ የሚጠፋው የእናንተ ፋይል ነው። ከ10 ወደ 11 ከተሻገራችሁ 10 ቀን አላችሁ። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ "ጎ ባክ" የሚል አለ። ፋይላችሁን ሳይነካ ወደ ነበራችሁበት ይመልሳችኋል። ከተሻገራችሁ በኋላ የጫናችኋቸው ፕሮግራሞች ግን ይሄዳሉ።

ባለፈው አንድ ልጅ በሦስተኛው ቀን መጣልኝ። ደስ አለኝ፣ ጊዜ ነበረን። "ጎ ባክ"ን ብፈልግ አይሠራም።

"ምን አጠፋህ?" አልኩት።

"ምንም። ዊንዶውስ ኦልድ የሚል ፎልደር ቦታ ይዞብኝ ነበር፣ እሱን ብቻ።"

መመለሻው እሱ ነበር።