ብዙ እጅ ያለው ሞለኪውል እንዴት ይታቀዳል?

ሐዋሳ ውስጥ ባዮኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ካንሰርን ለይቶ የሚይዝ ሞለኪውል ለመሥራት አስበው ምክር ፍለጋ ቤቴ የሚመጡ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ በጥቅምት ከመጡ ሹራብ አስለብሼ ታቦር ተራራ እሰዳቸዋለሁ።

ሲመለሱ ሹራቡ ጭጎጎት በጭጎጎት ሆኗል፤ ልሙጥ የናይለን ጃኬት የለበሰው ግን ንጹሕ ነው። አንዲቱን ፍሬ በማጉሊያ መነጽር ተመልከቱ። እያንዳንዷ መንጠቆ ደካማ ናት፣ በጥፍር ትላቀቃለች። ፍሬዋን የሙጥኝ የሚያሰኛት የመንጠቆዎቿ ብዛት ነው፤ እሱም የሚሠራው ብዙ ክር ሲገኝ ብቻ ነው። ፍሬዋን ሞለኪውላችሁ፣ መንጠቆዎቿን የሞለኪውሉ እጆች፣ ክሩን እጆቹ የሚይዙት የሕዋስ ተቀባይ፣ ሹራቡን የካንሰር ሕዋስ፣ ጃኬቱን ጤነኛ ሕዋስ በሉት።

ዕቅዱን ከዒላማው ጀምሩ። ኸር-2 የተባለው ተቀባይ ፕሮቲን በአንዳንድ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይ እጅግ ይበዛል፤ ነገር ግን በልብ ጡንቻ ሕዋሳት ላይም አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የተፈቀደውና ይህን ተቀባይ የሚይዘው ትራስቱዙማብ የተባለው መድኃኒት በአንዳንድ ታካሚዎች ልብን ያዳክማል። ጥያቄያችሁ «ተቀባዩ አለ?» ሳይሆን «ስንት አለ?» ይሁን።

ቀጥሎ እጁን ምረጡ። ስሕተቱ ያለው እዚህ ነው፤ ሁሉም በጣም አጥብቆ የሚይዘውን ይለቅማል። እኔም በተማሪነቴ ያንኑ አድርጌ ስድስት ወር አባክኛለሁ፤ ሞለኪውሌ ጥቂት ተቀባይ ያለውን ሕዋስ ሳይቀር ሙጭጭ ብሎ ያዘ። አንዱ እጅ ብቻውን በናኖሞላር ደረጃ፣ ማለትም እጅግ አጥብቆ ከያዘ የቀሩት ምን ሥራ አላቸው? በማይክሮሞላር ደረጃ፣ ማለትም ላላ አድርጎ የሚይዝ፣ ብቻውን ሲሆን ቶሎ የሚለቅ እጅ ፈልጉ። አንዱ ሲለቅ ሌላው ይዞ ይቆየዋል፤ የለቀቀውም ሳይርቅ ይመለሳል። በኢንፌክሽን መጀመሪያ የሚመነጨው አይጂኤም የተባለው ፀረ እንግዳ አካልም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ እጁ አብዛኛውን ጊዜ ደካማ ቢሆንም 10 እጅ አለው። እዚህ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የማይለኝ ተማሪ የለም። ይበል፤ ግን ድሩ ቀጭን መሆኑን አይርሳ።

እጆቹን የሚያገናኘው ማያያዣ ካጠረ ሁለተኛው ተቀባይ ላይ አይደርስም፤ ከረዘመ ደግሞ እጁ ወዲያ ወዲህ ሲንከራተት ይውላል። የተለመደው ፖሊኢቲሊን ግላይኮል ተልፈስፋሽ ስለሆነ ወረቀት ላይ ያሰላችሁት የተዘረጋ ርዝመቱ አያታልላችሁ። አይጂጂ የተባለው ሌላው ፀረ እንግዳ አካል ያሉት ሁለት እጆች ጫፍ ለጫፍ በግምት ከ10 እስከ 15 ናኖሜትር ይራራቃሉ፤ ከዚያ አካባቢ ብትነሡ አያሳፍርም። የእጆቹን ቁጥር ያለ ልክ አታብዙ፤ ሞለኪውሉ ሲገዝፍ ዕጢው ውስጥ መዝለቅ ያቅተዋል።

ማወዳደሪያ ሳታዘጋጁ ሙከራ አትጀምሩ። ያው እጅ ያለው ባለ አንድ እጅ ሞለኪውል ያስፈልጋችኋል። ኸር-2 የሚበዛባቸውን የኤስኬ-ቢአር-3 ሕዋሳትና የሚያንስባቸውን የኤምሲኤፍ-7 ሕዋሳት ጎን ለጎን ፈትኑ። የመያዝ ጥንካሬን በምትለኩበት ቺፕ ላይ ተቀባዩን አጨናንቃችሁ ከለጠፋችሁ ማንኛውም ባለ ብዙ እጅ ሞለኪውል ጀግና ይመስላል፤ አሳሱትና ደግማችሁ ለኩ። ኤምሲኤፍ-7ንም አጥብቆ ከያዘ ማያያዣውን አትነካኩ፤ ወደ እጁ ተመለሱና የባሰ ደካማ ምረጡ።