የትንሽ አውሮፕላን የማረፊያ ጎማ ሃይድሮሊክ ብልሽትን መለየት

ሐዋሳ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የቆመ ፓይፐር አሮው ጎማዎቹ ወርደው መቆለፋቸውን ከሚያሳዩት ሦስት አረንጓዴ መብራቶች አንዱ ካልበራለት፣ ጎማዎቹን በዘይት ግፊት የሚያንቀሳቅሰውን ፓምፕ ከመንካት በፊት አምፖሉን ከሚበራው ጋር ማቀያየር ይገባል፤ የናቪጌሽን መብራት (የክንፍና የጅራት መብራት) ሲበራም አረንጓዴዎቹ ስለሚደበዝዙ በቀትር ፀሐይ የጠፉ ይመስላሉ።

ከባዱ ችግር ሌላ ነው። በዚህ አውሮፕላን ጎማዎቹን አጥፎ የሚይዛቸው የዘይት ግፊት በመሆኑ፣ በበረራ ላይ ፓምፑ በየጊዜው እየተነሣ የሚሠራ ከሆነ ግፊቱ አንድ ቦታ እያመለጠ ነው። ፈቃድ ያለው ቴክኒሺያን አውሮፕላኑን በጃክ አንሥቶ ጎማዎቹን ካጠፈ በኋላ፣ በቱቦ መገጣጠሚያዎቹና ጎማዎቹን በሚገፉት ሲሊንደሮች ዘንግ ላይ የቀዩን የሃይድሮሊክ ዘይት እርጥበት ይፈልግ፤ ውጪው ደረቅ ሆኖ ዘይቱም ካልቀነሰ ጥርጣሬው ወደ ውስጥ፣ ወደ ሲሊንደሩ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚያሽገው ላስቲክ) ወይም ወደ ፓምፑ ቫልቭ ይዞራል። የመኪና ፍሬን ዘይት ጎሚኒውን ስለሚያበላሽ፣ ሌላ ቢታጣ እንኳ ፈጽሞ አይጨመርበት።