ቅጠሉ ሲያጣብቅ፣ ጉንዳኑ ግንዱን ሲወጣ፦ የቤት ውስጥ ተክል ተባዮችና መፍትሄያቸው

አዲስ አበባ ውስጥ ተክል እሸጣለሁ፤ በየቢሮውና በየኮንዶሚኒየሙ እየዞርኩም እንከባከባለሁ። ስለ ብርሃንና ስለ ውሃ አጠጣጥ የምታውቁትን አልደግምላችሁም። ተክሉ ቦታው ተስማምቶት፣ ውሃውም ልክ ሆኖ እያለ ከታመመ ቅጠሉን ገልብጡት። ተባይ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ከቅጠሉ ሥር ነው።

ከአፈሩ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ይነሳሉ

አፈሩ አይደርቅም ማለት ነው፤ ወይም ያልበሰለ ፍግ ገብቶበታል። የሚጎዳው ትሉ እንጂ ዝንቡ አይደለም፣ ትሉም የሚኖረው ከላይኛው አፈር ውስጥ ነው። የድንች ቁራጭ አፈሩ ላይ አስቀምጡና በሁለተኛው ቀን አንሱት፤ ትሎቹ ሥሩ ተሰብስበው ታገኛላችሁ። ከላይ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪደርቅ ውሃ አታጠጡ፤ ከሥር ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉት። በክረምት እንደ በጋው ማጠጣት አያስፈልግም። ሥሩ ያልተበሳ የቀለም ባልዲ ውስጥ ከተከላችሁ ግን ምንም መድኃኒት አይረዳችሁም፤ መጀመሪያ ብሱት።

ቅጠሉ በመርፌ የተወጋጋ ይመስላል፣ ቀጭን ድር ይታያል

ቀይ ሸረሪት ነው፤ ስምንት እግር ስላለው ከነፍሳት ወገን አይደለም፣ ለነፍሳት የተሠራ መድኃኒትም ብዙ ጊዜ አይነካውም። ነጭ ወረቀት ከሥሩ ይዛችሁ ቅጠሉን መታ መታ አድርጉ፤ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ካያችሁ እሱ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ አየሩ ሲደርቅ ይበረታል። ሻወር ቤት አስገቡትና የቅጠሉን ሥር በውሃ ግፊት እጠቡ፤ በየሦስት ቀኑ፣ ለሁለት ሳምንት።

ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ በተለይ ለጋውን ጫፍ ይወራል፤ በውሃ እጠቡት። ነጭ ዝንብ ስትነኩት ብር የሚለው ነው፤ ቢጫ የሚያጣብቅ ወረቀትና የሳሙና ውሃ ይበቃዋል። ግንዱ ላይ የተለጠፈ ቡናማ እብጠት በጥፍር ሲፋቅ ከተነሳ ቅርፊት ለበስ ተባይ ነውና ቀጥሎ እንደምነግራችሁ በአልኮል ጥረጉት።

ቅጠሉ ያጣብቃል፣ ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ ያጣብቃል፣ ጉንዳን ግንዱ ላይ ይመላለሳል

ስልኬ የሚጮኸው በዚህ ነው። ተባዩ ሚሊባግ ይባላል። በቅጠሉ ብብት፣ ማለትም ቅጠሉ ከግንዱ በሚነሳበት ጉያ ውስጥ፣ ነጭ ጥጥ የተወተፈ ይመስላል። ብዙ ሰው ሻጋታ ወይም አቧራ ነው ብሎ ያልፈዋል። በስንጥር ጫን በሉት፤ ፈርጦ ፈሳሽ ካወጣ ሻጋታ አይደለም። የተክሉን ጭማቂ እየመጠጠ የተረፈውን ስኳር ከኋላው ያንጠባጥባል። የሚያጣብቀው ያ ነው፤ ጉንዳኑም የሚመጣው ለዚያ ነው። መጥቶም ዝም ብሎ አይሄድም፤ ሚሊባጉን ከሚበሉት ነፍሳት ይጠብቀዋል። ስኳሩ ላይ ቆይቶ እንደ ጥላሸት ያለ ጥቁር ሻጋታ ይበቅላል።

አንዲት እናት ሳሎናቸው ውስጥ ያለው ጠረጴዛ በየቀኑ እየተጣበቀባቸው ልጆቹን "ለስላሳ አትድፉ" እያሉ ወራት ቆጡ። ጠረጴዛው አጠገብ የቆመውን ክሮተን ቅጠል ገልብጬ ሳሳያቸው የመጀመሪያ ቃላቸው "ልጆቼን በከንቱ!" ነበር።

አሁን መፍትሄው። ተክሉን ከሌሎቹ ለዩት። ከመድኃኒት ቤት ሰባ ፐርሰንት አልኮል ግዙ፤ የጆሮ ጥጥ ነክራችሁ እያንዳንዱን ነጭ ነገር ንኩ፣ ወዲያው ቀልጦ ቡናማ ይሆናል። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩና ቀን ጠብቁ፤ ስስና ጸጉራም ቅጠል ሊቃጠል ይችላል። ፀሐይ ላይ አታድርጉት። ቡና የሚፈላበት ከሰል አጠገብም በፍጹም! ቀጥሎ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በጥብጣችሁ፣ በተለይ የቅጠሉን ሥር አዳርሱ፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ በንጹህ ውሃ አለቅልቁ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሆንም፤ ቅጠሉን ያቃጥለዋል።

ሁሉም ሰው እዚህ ድረስ ያደርጋል። ከዚያ ተክሉ ንጹህ ይመስላል፣ ይተዉታል፣ በወሩ "መድኃኒትህ አልሠራም" ብለው ይደውላሉ። አልኮሉ ጥጡ ውስጥ የተሸሸገውን እንቁላል ሁሉ አያገኝም። አንዲቷ እናት ሚሊባግ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል፣ ቤቱ ከቀዘቀዘም ይዘገያል። ስለዚህ በየሰባት ቀኑ፣ ቢያንስ አምስት ጊዜ። ምንም ባታዩም አምስት ጊዜ! የስልካችሁ ማስታወሻ ላይ መዝግቡት።

አምስት ጊዜ ተሠርቶም ከተመለሰ ከአፈር በታች ተመልከቱ። አንድ ቢሮ ውስጥ አሥራ አራት ተክሎችን ሦስት ዙር አጽድቼ ሦስት ጊዜ ተመለሰብኝ። በመጨረሻ አንዱን የውስጠኛውን ፕላስቲክ ከጌጠኛው የሸክላ ማሰሮ መዝዤ ሳወጣ፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ በነጭ ጥጥ ተደፍነው፣ የሸክላውም ውስጥ ግድግዳ በዱቄት የተነፋ መስሎ አየሁት። ቅጠሉን ስጠርግ እነሱ ከታች እየወጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማሰሮ ሳላነሳ ሥራ አልጀምርም። ሥሩ ላይ ካለ አፈሩን በሙሉ አራግፉ፣ ሥሩን በውሃ እጠቡ፣ ማሰሮውን በበረኪናና በውሃ ፈትጉ፣ በአዲስ አፈር ትከሉ። አሮጌውን አፈር ጊቢ ውስጥ እንዳትደፉት፤ በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉት።

ጉንዳኑንም አትርሱት። መውጫ መንገዱን ፈልጋችሁ በሳሙና ውሃ ጥረጉ፤ ተክሉ ግድግዳና መጋረጃ እንዳይነካ አርቁት። ጠባቂው ሲሄድ ሥራው ይቀላል።

የበረሮ ፍሊት የሚነፉ አሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ያለኝን ሳይሰማ ሙሉ ጣሳ ፊከሱ ላይ ነፋበት፤ በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ጠቁሮ ረገፈ፣ ሚሊባጉ ከግንዱ ስንጥቅ ውስጥ በሕይወት ነበረ። ገበያ ላይ በትንሽ ብልቃጥ ተቀድቶ የሚሸጥ ማላታይን ደግሞ የእርሻ መድኃኒት ነው። ልጅ ያለበት፣ ምግብ የሚበላበት ሳሎን ውስጥ አይረጭም። የትምባሆ ውሃም መርዝ ነው፤ አያቶቻችን ስላደረጉት ብቻ ቤት ውስጥ አታፍሉት።

የኒም ዘይት ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ግን ቀስ ብሎ ይሠራል፣ ከሳሙና ጋር ካልተበጠበጠም ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ማታ ማታ እርጩት።

ሚሊባግ ከሰማይ አይመጣም፤ ከሻጭ ይመጣል። ይህን የምለው ራሴ ሻጭ ሆኜ ነው። አንድ ጊዜ ሃያ ካላንቾ ተረክቤ በዚያው ቀን ከሌሎቹ ጎን ደረደርኩ፣ ከሁለት ወር በኋላ የመደርደሪያውን ግማሽ ጣልኩ። አሁን አዲስ ተክል ሦስት ሳምንት ለብቻው በረንዳ ላይ ሳይቆይ አይገባም። ስትገዙ ሻጩ ፊት ቅጠሉን ገልብጡ፣ ማሰሮውን አንስታችሁ ቀዳዳውን እዩ። የሚቆጣችሁ ሻጭ ካለ አትግዙት።

የአንድ ተክል ግማሹ ነጭ ከሆነና ዋጋው ከአንድ ጠርሙስ አልኮል ካነሰ፣ ሳትራሩ በፌስታል ቋጥራችሁ አውጡት። የቆመበትን መስኮት ደፍም በአልኮል ጥረጉ።